በስልክ መታከም ስንት ያስወጣል?

ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት ከገጠር በእግራቸው መጥተው ከትምህርት ቤታችን በር ላይ ጠበቁኝ። ልጃቸው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ እንቅልፍ ከነሣው ወር አልፎታል፤ መጽሐፍ ይዞ ይቀመጣል እንጂ አያነብም። ጠበል አስጠምቀውታል። «አንቱ መምህር፥ በስልክ የሚያክም አለ ይላሉ፤ ስንት ያስከፍላል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ይህ ጥያቄ ከበጀት ሹም አፍ ቢወጣ ባልደነቀኝ ነበር።

እስቲ እኛም ሒሳቡን እንሥራው። ከሉማሜ ደብረ ማርቆስ ደርሶ ለመመለስ የመኪናው፥ የምሳው፥ የሁለት ሰው የሥራ ቀን አለ፤ ሐኪሙም «በወሩ ተመለስ» ማለቱ አይቀርም። ከዚህ ጋር ሲተያይ ስልኩ ርካሽ ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊባኖስ ለሚኖሩ የሶርያ ስደተኞች «ደረጃ በደረጃ» የተባለ ባምስት ክፍል የተሰናዳ የስልክ ሕክምና አቅርቦ ነበር፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት የትካዜ ሕመማቸው ቀለል ማለቱ ታውቋል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በየሳምንቱ ሩብ ሰዓት ያህል የሚያግዛቸው ሰው ነበራቸው፤ ሐኪም ሳይሆን ለዚሁ የሠለጠነ። እንዲያም ሆኖ ብዙዎች ከመንገድ ቀርተዋል። ብቻውን የተተወማ ቶሎ ይሰለቻል፤ ያልተወሰደ መድኃኒት ደግሞ በነጻ ቢታደልም ርካሽ አይባልም።

በኛ ዘንድ ሌላም ጣጣ አለ። ከ2015 ዓ/ም ክረምት አንሥቶ አንድ ዓመት ያህል በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ሰው እጅግ በተጨነቀበት ዓመት ሐኪሙ ከስልኩ ውስጥ ተቆልፎ በቀረ ነበር ማለት ነው። ደግሞስ ይህ ልጅ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ባንዲት የኪራይ ክፍል ያድራል፤ ስልኩም የጋራ ነው። ምስጢሩን ለማን ይነግራል?

በጉራጌ ገጠር የተደረገና በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ አለ፤ ጽኑ ያእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ሲከታተሏቸው፥ በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚታዩት ያላነሰ ውጤት ተገኘ፤ ወጪውም የሚያዋጣ ሆነ። እንግዲህ ገንዘቡ በእጄ ቢሆን፥ አዲስ የስልክ ፕሮግራም ከማሠራበት ለዚህ ሠራተኛ የቴሌፎን ሒሳብ ብከፍልለት እመርጣለሁ። ድምፅ ብቻ የሚሰማበት ተራ ስልክ ይበቃዋል።

ለእናቲቱ «ዋጋውን ከመጠየቃችን በፊት ልጁን ይዘን ጤና ጣቢያ እንሂድ» አልኳቸው፤ ማክሰኞን ቈረጥሁ። «በገበያ ቀን ይሁን እንጂ፤ ሁለት ጊዜ ልመላለስ?» አሉኝ። ይህን ወጪ እኔ ከሒሳቤ አላገባሁትም ነበር።