ቤዝና ጊታር፤ ድርና ማግ

ሰው የራሱን ሙያ በስንት ድካም እንደ ተማረው አይዘነጋም፤ የጎረቤቱን ሙያ ግን በማየት ብቻ የሚያዝ ይመስለዋል። ከዚህም የተነሣ በየዘመኑ ብዙ የተጣመመ ፍርድ ይፈረዳል። ዛሬ በዚህ ገጽ ልንሟገተው የተነሣነው ፍርድ ከዚሁ ወገን ነው፤ ይኸውም «ጊታር የሚመታ ሰው ቤዝ ጊታርን ሳይማረው ይመታዋል፤ ቤዝ የሚመታ ሰውም ቤዝ የያዘው ጊታር ስላቃተው ነው» የሚለው ነው። ይህን ፍርድ በሲቀላም በሴቻም፥ በሰርግ ቤትም በመዘምራን ጓዳም የሚናገሩት ብዙ ናቸው። ነገሩ ለካህናትና ለሊቃውንት የማይገባ የልጆች ጨዋታ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን። ክርክሩ የአውታር ክርክር ቢመስልም ፍሬው የሙያ ክብርና የልጆቻችን አስተዳደግ ነውና።

አስቀድመን የተከራካሪዎቻችንን ቃል ሳናጎድል እንናገር። እነርሱ እንዲህ ይላሉ። «ጊታር ስድስት አውታር አለው፤ ቤዝ እንደ ተለመደው አራት ነው። የቤዙ አራት አውታሮች ከጊታሩ ወፍራም አራት አውታሮች ጋር ስማቸው አንድ ነው፤ ሚ፥ ላ፥ ሬ፥ ሶል ይባላሉ። በጊታር አንገት ላይ ጣት የሚያርፍበት ስፍራ በቤዝ አንገት ላይም ያው ነው። እንግዲህ ብዙውን ያወቀ ጥቂቱን እንዴት ያጣዋል?» ይህ ቃል ሐሰት የለበትም። እንዲያውም እኛ እንጨምርላቸው፤ አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን የተባለውን የኤሌክትሪክ ቤዝ ለገበያ ሲያወጣ በአንገቱ ላይ እንደ ጊታር የብረት መለያ ሰድሮበት ነበር። በዚህም ምክንያት ትልቁን ኮንትራባስ ለመያዝ ያልደፈሩ ጊታር መቺዎች ቤዙን ደፍረው ያዙት። ስለዚህ ኹለቱ ዘመዳሞች መኾናቸውን ማንም አይክድም።

ነገር ግን ዝምድና አንድነት አይደለም። በገናና ክራርም ዘመዳሞች ናቸው፤ ኹለቱም ኹለት ምሰሶ፥ አንድ ቀንበርና በቆዳ የተለበጠ ገበቴ አላቸው። ክራር አምስት ወይም ስድስት አውታር ሲኖረው በገና አሥር አውታር አለው፤ የበገናም ድምፅ በእንዚራው አማካይነት እየነዘረ ይወጣል። ክራር የሚመታ ሰው ኹሉ በገና ደርዳሪ ነው የሚል ሊቅ እስከ ዛሬ አልሰማንም። ቢገኝ እንኳ ከደርዳሪዎቹ ፊት ቆሞ ይህን ቃል ለመድገም ያፍር ነበር። ታዲያ በራሳችን መሣሪያ ላይ የማንፈርደውን ፍርድ በጊታርና በቤዝ ላይ ለምን እንፈርዳለን?

የመሣሪያዎቹን መጠንና ድምፅ እንመልከት። የጊታር አውታር ከድልድዩ እስከ አንገቱ ራስ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲኾን የተለመደው የቤዝ አውታር 86 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የጊታሩ ወፍራም አውታር ሲመታ በሰከንድ 82 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የቤዙ ወፍራም አውታር ግን 41 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ስማቸው አንድ የኾነ አውታሮች በድምፅ አንድ ኦክታቭ ይራራቃሉ ማለት ነው። ይህ ልዩነት የጣት ድካም ብቻ አይደለም፤ የሥራም ልዩነት ነው። ወፍራም ድምፅ ቢበዛና ቢደራረብ ይጨፈግጋል፤ ስለዚህ ቤዝ መቺ አንዲቱን ድምፅ መርጦ፥ በጊዜዋ አግብቶ፥ በጊዜዋ ዝም ማሰኘት ይገባዋል። ጊታር መቺ ግን ብዙ ድምፆችን ባንድ ጊዜ ማስማማትን፥ የዘፋኙን ዜማ እየተከተለ ማስጌጥን ይማራል። አንዱ ከከበሮው ጋር ቃል ኪዳን አለው፤ ሌላው ከዜማው ጋር። ቃል ኪዳኑ ሳይለወጥ መሣሪያውን ብቻ የለወጠ ሰው በቤዝ ላይ ጊታር ይመታል እንጂ ቤዝ አይመታም።

ተከራካሪዎቻችን ከውጭ አገር ምስክር ይጠራሉ፤ እኛም ምስክሮቻቸውን በደስታ እንቀበላለን። እንግሊዛዊው ፖል ማካርትኒ ጊታር መቺ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1961 የጓዱ ቤዝ መቺ ስቱዋርት ሳትክሊፍ ሲለይ ቤዙን ያዘ። አሜሪካዊቱ ካሮል ኬይም ጊታር መቺ ነበረች፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለቀረጻ የተጠራው ቤዝ መቺ ሳይመጣ ቢቀር በስፍራው ገብታ ከዚያ በኋላ በቤዝ ስሟ ገነነ። ኖኤል ሬዲንግ እ.ኤ.አ. በ1966 ለጊታር ሊፈተን መጥቶ በጂሚ ሄንድሪክስ ጓድ ውስጥ ቤዝ ተሰጠው። እነዚህ ኹሉ መሻገር እንደሚቻል ይመሰክራሉ፤ እኛም መሻገር አይቻልም አላልንም። ነገር ግን ምስክሮቹ የሚሉትን እስከ መጨረሻው እንስማ። ማካርትኒና ኬይ የከበሩት ቤዝን እንደ ትርፍ ሥራ ስለ ያዙት አይደለም፤ እንደ ዋና ሥራ ተቀብለው ዓመታት ስለ ደከሙበት ነው። ይህም ለእኛ እንጂ ለእነርሱ አይመሰክርም።

ቤዝ ለደካማ የሚጣል ሥራ ነው ለሚሉ ደግሞ የዲትሮይቱን ጄምስ ጀመርሰንን እናቆምባቸዋለን። ይህ ሰው በኮንትራባስ ጀምሮ ወደ ኤሌክትሪክ ቤዝ የተሻገረ ነው፤ የቀኝ እጁን አንዲት ጣት ብቻ እያሠራ በ1960ዎቹ ለሞታውን ኩባንያ እጅግ ብዙ ዘፈኖችን መታ። ስሙ ለብዙ ዓመታት በሸክላዎቹ ላይ ሳይጻፍ ቀረ፤ ዛሬ ግን በዓለም ያሉ ቤዝ መቺዎች ኹሉ እንደ መምህር ይቈጥሩታል። በአንዲት ጣት ይህን ያህል የሠራ ሰው አሥሩን ጣት ከያዘው አያንስም።

ወደ አገራችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1977 ዋልያስ የተባለው ጓድ «ቸ በለው» የተሰኘውን ሸክላ ሲያወጣ ጊታሩን ማሕሙድ አማን፥ ቤዙን መላከ ገብሬ ይዘው ነበር። በዚያ ሸክላ ላይ ያለውን «ሙዚቃዊ ስልት» የሰማ ሰው ኹሉ አስቀድሞ የሚያስታውሰው ከሥር የሚመላለሰውን ያንን ወፍራም ድምፅ ነው። በአይቤክስና ኋላም በሮሃ ባንድ ጊታሩ የሰላም ሥዩም፥ ቤዙ የጆቫኒ ሪኮ ነበር። እነዚህ ሰዎች ብዙ ዘፋኞችን አጅበዋል፤ ዝናቸው የተገኘው ኹለቱ በየስፍራቸው ጸንተው እርስ በርሳቸው ስለ ተደማመጡ ነው። ከኹለቱ አንዱ የሌላው ትርፍ ቢኾን ኖሮ ያ የሮሃ ድምፅ ባልተሰማ ነበር።

ክርክሩን የሚቈርጠው ግን ቅኝታችን ነው። አምባሰልን ከዶ ጀምረን ብንቃኘው ሚ የለበትም። ጊታር መቺ ግን በአውሮፓ ሥርዓት ሲማር ዶ፥ ሚ፥ ሶልን ባንድነት መምታት ለጣቱ ልማድ ይኾናል። ልማዱን ሳይገታ አምባሰልን ያጀበ እንደ ኾነ ቅኝቱ የማያውቀውን እንግዳ ድምፅ ያስገባበታል። በሌላ በኩል ቤዝ መቺ ዶና ሶልን ማመላለስ ልማዱ ነው፤ አንቺ ሆዬን ከዶ ጀምረን ብንቃኘው ግን ሶል የለበትም። ስለዚህ ልማዱን ሳይመረምር አንቺ ሆዬን ያጀበ ቤዝ መቺ እንደዚያው ዜማውን ያበላሻል። አንባቢ ሆይ፥ እንግዲህ ፍረድ፤ የጊታር መቺው ስሕተት ሌላ፥ የቤዝ መቺው ስሕተት ሌላ ነው። ስሕተታቸው የተለያየ ከኾነ ትምህርታቸውም ሊለያይ ግድ ነው። የጊታርን ወጥመድ የሚያውቅ ሰው የቤዝን ወጥመድ ያውቃል ማለት የቆላን መንገድ የሚያውቅ የደጋውን ገደል ያውቃል እንደ ማለት ነው።

ይህን ነገር ከኹሉ ይልቅ ሊቃውንት ሊረዱት ይገባቸው ነበር። ድጓ ለመማር ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ፥ ቅዳሴ ለመማር ወደ ሰለልኩላ፥ ቅኔ ለመማር ወደ ጎንጅ የሚኬደው ለምን ነበር? ኹሉም የአንድ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው፤ ፊደሉም ቋንቋውም አንድ ነው። ነገር ግን ባለ ድጓውን ማንም «ቅኔ ሳትማር ቅኔ ተቀኝ» አይለውም። ብዙውን ጉባኤ የፈጸመ ሊቅ ሲገኝ «አራት ዓይና» ተብሎ ይከበራል። የሚከበረውም በያንዳንዱ መምህር እግር ሥር ስለ ተቀመጠ ነው እንጂ አንዱን ዓይን ይዞ ሦስቱን ስለ ገመተ አይደለም። ጊታርንም ቤዝንም ጠንቅቆ የሚመታ ሰው ቢገኝ ኹለት ዓይና ነውና እናክብረው። አንዱን ብቻ ተምሮ ሌላውን በግምት የሚይዘውን ግን ኹለት ዓይና አንበለው።

ለጋሞ ሰው ደግሞ ከዚህ የቀረበ ማስረጃ በደጁ አለ። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ሽቅብ የወጣ ሰው የዶርዜን ዜማ ይሰማል። በዚያ ዜማ አንዱ ሲያነሣ ሌላው ይቀበላል፤ አንዱ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሌላው ከሥር ያጸናል፤ ብዙ ድምፅ በየመንገዱ እየሄደ አንድ ዜማ ይኾናል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ ዣኮብ በ1970ዎቹ ይህን ዜማ ቀርጾ ለዓለም ያሰማው ስለ ብርቅነቱ ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ ብንወርድም በደራሼ ምድር ፊላ የተባለውን የሸምበቆ እንቢልታ እናገኛለን፤ እያንዳንዱ ሰው የተመደበችለትን ድምፅ በተራው ይነፋል፤ ዜማው የሚገኘው ከአንዱ ሰው እጅ ሳይኾን ከብዙዎቹ መካከል ነው። በዶርዜም በደራሼም ከሥር የሚያጸናውን «ከላይ ማዜም ያቃተው» ብሎ መናቅ ዜማውን ራሱን ማፍረስ ነው።

የሸማኔውንም ሥራ እንይ። ዶርዜ በሽመና ስሙ የተጠራ ነው፤ ሴቶቹ ይፈትላሉ፥ ወንዶቹ ይሸምናሉ። በሸማ ላይ ዓይን የሚማርከው ጥለቱ ነው፤ ጥለቱ ግን ያለ ድር አይቆምም። ድሩ ከላላ መወርወሪያው ቢፈጥንም ሸማው ይሸበሸባል። ቤዝ ድር ነው፤ ጊታር ማግ ነው። ድርን «ማግ መኾን ያልቻለ ፈትል» የሚል ሸማኔ በጋሞ ምድር ይገኛልን?

ፍርዳችን ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዳያጋድል ለቤዝ መቺዎችም ቃል አለን። ከእነርሱ መካከል በንቀት ብዛት የተቈጡ «ቤዝ የነፍስ ተሰጥዎ ነው፤ ጊታር የነካ እጅ አይማረውም» የሚሉ አሉ። ይህም ያው ስሕተት ተገልብጦ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ የባህል ሙዚቃ ቤቶች ዜማ የሚመታ ክራርና ከሥር የሚመታ ቤዝ ክራር አብረው ይሰማሉ፤ ኹለቱም ከአንድ ክራር የተወለዱ ናቸው። ልጅ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል፤ እንዲያውም የሌላውን ሥራ የቀመሰ ሰው ጓደኛውን አስተውሎ ይሰማል። የምንቃወመው መሻገርን አይደለም፤ ሳይማሩ ተሻግሬያለሁ ማለትን ነው።

አኹን ጉዳቱን እንናገር። ይህ ፍርድ በአፍ ብቻ ቢቀር ባልጻፍን ነበር። ነገር ግን ፍርዱ ሥራ ይሠራል። ልጆች ለሙዚቃ ሲመረጡ ፈጣን ጣት ያለው ጊታር ይሰጠዋል፤ ከኹሉ ኋላ የቀረው ቤዝ ይሰጠዋል። ያ ልጅ ቤዙን እንደ ቅጣት ይይዘዋል፤ ስለ ናቀው አይለማመደውም፤ ስላልተለማመደው ያጠፋል፤ ሲያጠፋም «አላልንምን?» ይባላል። እንዲህ ያለ ፍርድ ራሱ ያመጣውን ጉዳት መልሶ ማስረጃ ያደርጋል። ከዚህም የሚከፋው፥ ከደጋው ወርዶ የመጣ፥ ከሥር የሚሄደውን ድምፅ ከእናት ከአባቱ ዜማ የለመደ ልጅ ጣቱ ፈጣን ስላልኾነ ብቻ ጆሮው ሳይመረመር ይቀራል። ሀብቱ በእጁ ሳለ ድኻ ነህ ይባላል።

ስለዚህ መዘምራንን ለሚያሠለጥኑ፥ የሙዚቃ ጓድ ለሚያቋቁሙና በትምህርት ቤት ሙዚቃ ለሚያስተምሩ ሦስት ነገር እናሳስባለን። መጀመሪያ፥ ለቤዝ የሚመረጠው ልጅ ጊዜ የማይስት፥ የሌላውን ድምፅ የሚሰማ ይኹን እንጂ የተረፈው አይኹን። ኹለተኛ፥ ከጊታር ወደ ቤዝ ወይም ከቤዝ ወደ ጊታር የሚሻገር ኹሉ በአዲሱ መሣሪያ መምህር ዘንድ እንደ ጀማሪ ይቀመጥ፤ አራቱን ቅኝቶችም በአዲሱ መሣሪያ እንደ ገና ይማር። ሦስተኛ፥ ዋጋና ምስጋና ሲከፈል ለድሩም ለማጉም እኩል ይከፈል፤ ስም ሲጠራም የቤዝ መቺው ስም አይቅር።

ከሥር ያለ ድምፅ ሲኖር አይታወቅም፤ ሲጠፋ ግን ደንቆሮም ያውቀዋል። አርባውን ምንጭ ያየ ሰው ውሃው ከላይ ሳይኾን ከሥር እንደሚፈልቅ ይመሰክራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለውም ለዚህ ነው፤ ድሩን የናቀ አንበሳውን ሊያስር ቀርቶ ጋቢ ሊለብስ አይችልምና።