ፔጆዋ ትታደስ ወይስ ትፈታ?

የወንድሜ ልጅ አያቱ የተዉለትን ፔጆ 504 ስቴሽን ዋገን ምን እንደሚያደርጋት ጨንቆታል። መካኒኩ «ሞተሯን አውርደን እንሥራት» ይላል፤ እናቱ ደግሞ «ለመለዋወጫ ሽጣትና ተገላገል» ትላለች። ሁለቱም ሆዷን አላዩም።

504 ቦዲና ሻንሲ ለየብቻ ያላት መኪና አይደለችም፤ ሸክሙን የሚችለው ቦዲው ራሱ ነው። ከበሮቹ ሥር ያለው ላሜራ፣ ወለሉ፣ የፊት አሞርዛተሮች ከላይ የሚታሰሩበት ቦታ በዝገት ከተበላ፣ የጎደለው መልክ ብቻ ሳይሆን ጥንካሬዋም ነው። ምንጣፉ ይነሣና በካቻቢቴ ይወጋ፤ ካቻቢቴው ከሰመጠ እውነቱ ወጣ። ጎኗ ላይ ማግኔት አልይዝ ካለ ደግሞ ከቀለሙ ሥር ያለው ወፍራም ስቱኮ ነው።

ሞተሩን አልፈራም። 1,796ም ይሁን 1,971 ሲሲ፣ ያለ ኮምፒውተር የሚሠራ፣ በደህና መካኒክ እጅ የሚድን ነው። ፈረንሳይ የቤት መኪናውን ማምረት በ1983 እ.ኤ.አ. ካቆመች በኋላም ናይጄሪያና ኬንያ ለዓመታት ሲገጣጥሙት ስለኖሩ የሞተሩ ዕቃ ጨርሶ አልጠፋም። የስቴሽን ዋገኗ ጣጣ ከኋላ ነው። ጣሪያዋ፣ የኋላ በሮቿ፣ የሻንጣ በሯ የራሷ ብቻ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት ሞላ የተሸከመው የኋላ አክስሏም ከቤት መኪናው አይመጣም። ከተፈታ 504 ሞተርና ኮፈን ይገኛል፤ ይህን የኋላ ክፍል ግን የመለዋወጫ ገበያውን ሶማሌ ተራን ቀኑን ሙሉ ቢዞሩም ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ኋላዋ ደህና ሆኖ ሞተሯ የሞተ ስቴሽን ዋገን፣ ሞተሯ እየሠራ ኋላዋ ከበሰበሰባት እጅግ ትበልጣለች።

ለምን ይህን ያህል እንደምከራከርላት ልናገር። የሦስት ረድፍ ወንበር ያላት ዓይነት ሰባት ሰው ትጭናለች። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 2.90 ሜትር ነው፤ ከቤት መኪናው 16 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ አንድ ላይ አገር ቤት ይወርዱባታል። እንዲህ ያለ መኪና ከእጃችን ሲወጣ ምትኩ ቀላል አይደለም፦ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ።

ትርፍ የሚፈልግ ሰው ግን አይንካት። ለብየዳና ለላሜራ የወጣው ገንዘብ ሲሸጧት ይመለሳል ብዬ አልመክርም። የሚነዳት ሰው ካለ ነው እድሳቱ የሚገባት።

የልጁን መኪና አጎንብሼ አየኋት። ወለሏ ጠንካራ ነው፤ የሻንጣ በሯ ታች ግን ተበልቷል፣ አንዱ የኋላ በርም ዝገት ጀምሮታል። ይህ ግን በብየዳ የሚድን ስለሆነ ትታደስ ብያለሁ። መጀመሪያ ብየዳው፣ ከዚያ ፍሬንና መሪው፣ ቀጥሎ ሞተሩ። ቀለሙ አንድ ክረምት ተነድታ ውኃ የምታስገባበት ቀዳዳ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ይደርሳል።