ጅራቷ የተጎዳ ድመት



ባለፈው ክረምት በአቃቂ በሚኖር አንድ ክርስቲያን ቤተ ሰብ ዘንድ የሆነውን ነገር ለዚህ ወር ምክራችን መነሻ ልናደርገው ወደድን። የቤቱ የግቢ በር እንደ ብዙዎቹ የአቃቂና የቃሊቲ በሮች ከባድ ብረት ነው። የስምንት ዓመት ልጃቸው ከዝናብ ሸሽቶ ሲገባ በሩን በኀይል ወረወረው፤ ድመቲቱም ከኋላው ተከትላ ትገባ ነበርና ጅራቷ በበሩና በመቃኑ መካከል ተያዘ። ልጁ ደንግጦ ሊያላቅቃት ሲሞክር እጁን ቧጨረችው፤ ከዚያም ሮጣ ከእህል ጆንያዎች ኋላ ተሸሸገች። ልጁ ቅጣት ፈርቶ የእጁን ጭረት በሹራቡ እጅጌ ሸፍኖ ዝም አለ። እናቱ ነገሩን ያወቁት በሦስተኛው ቀን፥ ከጆንያው ኋላ መጥፎ ሽታ በሸተታቸው ጊዜ ነው።

እንግዲህ በዚያ ቤት ሁለት ቍስለኞች ነበሩ፤ ድመቲቱና ልጁ። አስቀድመን ስለ ድመቲቱ እንናገር።

በዚህ አካባቢ ድመት ለጌጥ ብቻ የምትያዝ አይደለችም። ወፍጮ ቤቱ፥ መጋዘኑና ፋብሪካው በበዛበት ሰፈር አይጥ አይጠፋም፤ የቤቱን ጤፍና በርበሬ ሌሊት የምትጠብቀው እርሷ ናት። አደጋዋም ብዙ ነው። የብረት በር አለ፤ የሰፈር ውሻ አለ፤ በብርድ ሌሊት ደግሞ ሙቀት ፍለጋ ከቆሙት የጭነት መኪናዎች ሞተር ሥር ትገባለች። ስለዚህ ሾፌሮች ማለዳ ሞተር ከማስነሣታቸው በፊት የሞተሩን ክዳን በእጃቸው መታ መታ ቢያደርጉ የአንዲት ፍጥረት ሕይወት ሊያድኑ ይችላሉ።

የድመት ጅራት ሃያ ያህል ትንንሽ አጥንቶች የተያያዙበት ነው። ከሥሩ አጠገብ የሚያልፉት ነርቮች ደግሞ ሽንትንና ዐይነ ምድርን ጭምር የሚያዝዙ ናቸው። ስለሆነም ጅራቷ በብርቱ የተጎተተ ድመት ላይዋ ሳይቈስል ውስጧ ሊጎዳ ይችላል። ጅራቷ እንደ ገመድ ተንጠልጥሎ አልንቀሳቀስ ካለ፥ ሲነኩት ካልተሰማት፥ ሽንቷ ከተንጠባጠበ ወይም ጨርሶ ከታገደ፥ ነገሩ የጅራት ብቻ አይደለም። በተለይም አንድ ቀን ሙሉ ሽንት ያልሸናች ድመት በሞት አፋፍ ላይ ናትና ለነገ አትባልም።

የመጀመሪያው ርዳታ እንዲህ ነው። አበው «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» እንዳሉት፥ የቱንም ያህል ገራም ብትሆን የታመመች ድመት ትናከሳለችና በቀስታ ቀርቦ በወፍራም ጨርቅ መጠቅለል ያሻል። ቍስሉ ከደማ በንጹሕ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ ጫን አድርጎ መያዝ ነው። ቈሻሻ ካለበት ፈልቶ በቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውሃ አንድ ትንሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ ማጠብ ይበቃል። ከዚህ በኋላ ዝንብ በማይደርስበት ንጹሕና ሞቃት ስፍራ አኑሯት፤ ዝንብ ያረፈበት ቍስል ፈጥኖ ይተላልና።

የማይደረገውን ማወቅ ግን ከሚደረገው ይበልጣል። ላምባ ወይም አልኮል በቍስሏ ላይ አታፍስሱ፤ ያቃጥላታል፥ ስትልሰውም ይመርዛታል። ጅራቷን በክር ወይም በፋሻ አጥብቃችሁ አትሰሩ፤ ደም ያጣ ሥጋ ይሞታል። ለወጌሻም አሳልፋችሁ አትስጧት፤ መታሸት የተሰበረውን አጥንትና የተጎዳውን ነርቭ ያብሰዋል። ከሁሉ በላይ፥ በርኅራኄ ተነሣሥታችሁ ለሰው የታዘዘ የሕመም ማስታገሻ አትስጧት። ለእኛ መድኀኒት የሆነው ፓራሲታሞል ለድመት ገዳይ መርዝ ነው፤ አንዲት ፍሬ ልትገድላት ትችላለች። አስፕሪንና አይቡፕሮፌንም እንዲሁ አደገኞች ናቸው።

ከዚያ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው። በአቅራቢያ የእንስሳት ክሊኒክ ያላገኘ የአቃቂ ሰው የቢሾፍቱ መንገድ በደጁ ያልፋል፤ በዚያም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ይገኛል። ሐኪሙ የሞተውን የጅራት ክፍል ቈርጦ ማንሣት ግድ ነው ቢል አትዘኑ። ድመት ጅራቷ ቢያጥርም ሮጣ፥ ዘልላና አድና በደኅና ትኖራለች።

ስለ ምግቧም አንድ ነገር እንጨምር። በጾም ወራት ከቤታችን ሥጋና ወተት ስለሚጠፋ ድመቷም አብራ ትጾማለች። ጤነኛዋ አይጥ አድና ትኖር ይሆናል፤ የታመመችው ግን ማደን አትችልም። ሁለትና ሦስት ቀን ምንም ካልቀመሰች ጉበቷ ይጎዳል። ስለዚህ ጥቂት ሳንባ ወይም ዓሣ ቀቅሎ ለብቻዋ ማቅረብ የጾመኛውን ጾም አያፈርስም። የነነዌ ሰዎች እንስሶቻቸውን ጭምር አስጹመው ነበር የሚል ቢኖር፥ የዚያኑ መጽሐፍ ፍጻሜ ይመልከት፤ እግዚአብሔር ለነቢዩ ዮናስ ስለ ከተማይቱ ምሕረት ሲናገር እንስሶቿንም አልዘነጋም።

አሁን ወደ ልጁ እንመለስ። የድመት ንክሻና ጭረት እንደ ቀላል ነገር መታየት የለበትም። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ብቻ ሳይሆን ከድመትም ይተላለፋል፤ ምልክቱ አንድ ጊዜ በሰው ላይ ከታየ በኋላም የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም አስቀድሞ ለተጠነቀቀ ሰው ፍጹም መከላከያ አለው። የተነከሰውን ወይም የተቧጨረውን ስፍራ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፥ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ክትባት የሚያስፈልግ መሆኑን የሚወስነው የጤና ባለሙያው ነው። የዘገየም ሰው «እንግዲህ ምን ዋጋ አለው» ብሎ አይቅር። ድመቷ ካለች እንዳትጠፋ ጠብቆ ለ10 ቀን ጤንነቷን መከታተል ነው። ውሻም ሆነ ድመት ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ በየጊዜው ቢከተቡ ግን ይህ ሁሉ ጭንቀት ይቀላል።

አንዳንዶች እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ወደ ጠበል ብቻ ይሮጣሉ። ጠበሉን እንተው አንልም፤ በእምነት የምንድንበት የእግዚአብሔር ጸጋ ነውና። ነገር ግን ሐኪምንም የፈጠረ፥ መድኀኒትንም ከምድር ያወጣ እርሱ መሆኑን መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ያስተምረናል። ጠበሉን ጠጥቶ ክትባቱን መከተብ የእምነት ማነስ አይደለም።

እኒያ እናት ልጃቸውን ይዘው ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ ክትባቱም ተጀመረለት። ድመቲቱ የጅራቷን ግማሽ ያህል አጣች፤ ነገር ግን ዳነች። እናቲቱ እንደ ነገሩን ከሁሉ ያስደነገጣቸው ቍስሉ ሳይሆን የልጁ ዝምታ ነበር። «ሦስት ቀን ሙሉ ከእኔ ይልቅ በሽታውን አመነ» አሉን። ስለዚህም አልገረፉትም። ጥፋቱን በአባቱ ፊት በራሱ አፍ እንዲናገር አደረጉት፤ ቍስሏ እስኪደርቅም ድረስ ጧትና ማታ ውሃዋንና ምግቧን የማቅረብ ሥራ ሰጡት።

ወላጆች ሆይ፥ በቤታችሁ ልጅ አጥፍቶ የሚናገርበት ስፍራ ይኑር። ዱላን ብቻ የሚያስብ ልጅ ቍስሉን ይሸሽጋል፤ የተሸሸገ ቍስል ደግሞ የሰውም ቢሆን የእንስሳ ሊገድል ይችላል። ጻድቅ ሰው ለእንስሳው እንደሚራራ ጠቢቡ ሰሎሞን አስተምሮናል፤ ልጆቻችንም ይህን ርኅራኄ የሚማሩት ከእኛ ነው።

በሚመጣው ወር እስክንገናኝ ድረስ እግዚአብሔር ቤታችሁን ይጠብቅ።