ኤሊዋን ሐይቅ አትወርውሯት

አንድ እሁድ ከናዝሬት ተነሥተን ቆቃ አሳ ልንበላ ሄድን። ጥብሱ እስኪደርስ ሐይቁ ዳር ቆመን ጉማሬ ብቅ ይል እንደሆነ ስናማትር፣ አንድ ጎልማሳ ከመኪናው ኋላ ካርቶን አወጣ። ካርቶኑ ውስጥ ሁለት መዳፍ የምታህል፣ ቢጫና ጥቁር ዝንጉርጉር ኤሊ አለች። መንገድ ዳር ከሚሸጡ ልጆች ላይ ገዝቷት ነው። ልጆቹን ሰበሰበና «አሁን ነፃ ልናወጣት ነው» አላቸው። ትልቋ ልጅ ስልኳን ደቀነች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተባለ። ወረወራት። ተጨበጨበ።

«ጋሼ፣ እሷ እኮ የየብስ ናት» አልኩት።

ግራ ገባው። «ኤሊ አይደለችም እንዴ?»

ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም። ገንዘቡን አውጥቶ፣ ልጆቹን ይዞ፣ ጽድቅ ሊሠራ የመጣ ሰው ነው። እኔን ያናደደኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ፤ ክፉን ሰው ሕግ ይጠይቀዋል። የደግ ሰው ስሕተት ግን በጭብጨባ ታጅቦ ያልፋል፣ ቪዲዮው ይዞራል፣ በሚቀጥለው እሁድ ሌላው ይደግመዋል።

ጣጣው የሚጀምረው ከቋንቋችን ነው። «ኤሊ» ብለን የምንጠራቸው ቢያንስ ሁለት ዓይነት ፍጥረቶች ናቸው። አንደኛዋ በአዋሽና በስምጥ ሸለቆ ውኃዎች የምትኖረው ናት። ጀርባዋ ጠፍጠፍ ያለ፣ በጣቶቿ መካከል እንደ ዳክዬ ቆዳ ያላት፣ አሳውንም እንቁራሪቱንም የምትበላ። ሁለተኛዋ የየብሷ ናት። ጀርባዋ እንደ ጎጆ ክዳን ጉብ ያለ፣ እግሯ የዝሆን እግር የመሰለ፣ ሣርና ቅጠል የምትግጥ። የመጀመሪያዋን ውኃ ውስጥ ብትከቷት ቤቷ ናት። ሁለተኛዋ ትንሽ ልትንሳፈፍ ትችላለች፤ ዳሩ ቅርብና ዝቅ ያለ ከሆነም እየተንፏቀቀች ትወጣ ይሆናል። ከገደል ላይ ወደ ጥልቁ ከተወረወረች ግን ያ ሁሉ የአጥንት ሸክም አለባት፤ ትደክማለች፣ ትሰምጣለች። የምትተነፍሰው እንደኔና እንደናንተ በሳንባ ነው።

መለየቱ ከባድ አይደለም። እግሯን እዩ። መዋኛ ያለው እግር መዋኛ ያለው ይመስላል፤ ምሰሶ ደግሞ ምሰሶ ነው።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር፣ አለበለዚያ ሌላውን ብቻ ስወቅስ ያስቀይማል። እኛም ግቢ ኤሊ አለች። አባቴ በደርግ ጊዜ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከአዋሽ በረሃ አምጥቶ የሰጠው ናት፤ ያኔም ትልቅ ነበረች። እኔ ተወልጄ፣ ተምሬ፣ ጸጉሬ ሸብቶ፣ እሷ እዚያው ጓሮ ሰርዶ ትግጣለች። የቅርፊቷ ጠርዝ ላይ ቀዳዳ አለ። በልጅነቴ እንዳትጠፋ ብለን በመሰርሰሪያ በስተን ሽቦ ያስገባንበት ነው። «ድንጋይ ነው፣ አያማትም» ተብሎ ነበር። ውሸት ነው። ቅርፊቷ የጎድን አጥንቷና የጀርባ አጥንቷ ነው፣ አብሮ ያደገ ሕያው አጥንት። ደም አለው፣ ስሜት አለው። ጥርስን ያለ ማደንዘዣ እንደ መሰርሰር ቁጠሩት። ዛሬ ያንን ቀዳዳ ሳይ ዓይኔን እመልሳለሁ።

እንደኔ ኤሊ ያላቸው ጥቂት ሰዎች እናውቃቸዋለን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ላይ ስንገናኝ ወሬያችን ሌላ አይደለም። የእከሌ ሐብሐብ ትወዳለች። የእከሌ ዝናብ ሊጥል ሲል አስቀድማ በረንዳ ሥር ትገባለች። አንዱ የበለስ ቅጠል እሾሁን ሳይላጭላት እንደምትበላ ይምላል። አንዱ እባብ ታባርራለች ይላል፤ ሌላው ይስቅበታል። ደስ የሚል ወሬ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ከዚያ ወሬ መሐል አንድ ነገር ሁልጊዜ ይጎድላል፦ ከየት አመጣኻት? ይህን ጥያቄ ማንም አይጠይቅም። ሁላችንም መልሱን ስለምናውቀው ነው።

እንጀራ የምንሰጣት እኛ ነን። ዳቦ፣ ሩዝ፣ የውሻ ምግብ ሳይቀር። ሆዷ የተፈጠረው ለደረቅ ሣር ነው፤ እኛ የምንበላውን ካልሰጠናት ያሳዘንናት ይመስለናል። ግቢውን ፀረ ተባይ ረጭተን በማግስቱ ሣሩ ላይ የምንለቃትም እኛው ነን።

አሁን የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ። አንደኛ፣ «ልጆቹ ምን ይብሉ? ሸጠው ነው ደብተር የሚገዙት»። እውነት ነው፣ ችግር አለ። ግን በገዛን ቁጥር የምናስተምራቸው ነገር ምንድን ነው? ነገ ሌላ ፈልጋችሁ አምጡ ነው። ኤሊ እንደ ዶሮ አይደለችም። እንቁላሏን ቀብራ ትሄዳለች፣ ጫጩቱ ከመሬት እስኪወጣ ብዙ ወራት ይፈጃል፣ ከወጣውም ብዙው የወፍና የቀበሮ ምግብ ነው። የቀረችው አድጋ ለመውለድ ዓመታት ያስፈልጓታል። አንዲት ያደገች እናት ኤሊ ከሜዳ ስትነሣ የጠፋው አንድ ነፍስ ብቻ አይደለም፤ የሚቀጥሉት አሠርት ዓመታት እንቁላል ነው። ማዘን የፈለገ ሰው ከነዚያው ልጆች ሽንኩርትና ቲማቲም ይግዛ፤ ቆቃ የሞላው እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ «ግቢያችን ይሻላታል፣ ሜዳው ላይ መኪና ይደፈጥጣታል»። ይህን እኔም ለዓመታት ለራሴ ስናገር ኖሬያለሁ። ግን ያ አባባል የሚያጽናናው እሷን አይደለም፣ እኔን ነው። ለብቻዋ አርባ ምናምን ዓመት የኖረች ኤሊ ደኅንነቷ ተጠብቋል ሊባል ይችል ይሆናል። ዘር አልተካችም።

ሦስተኛው መልስ የቆቃው ሰውዬ ነው፦ «ወደ ተፈጥሮዋ መለስኳት»። ወደ የትኛው ተፈጥሮ? የቆቃ ሐይቅ፣ በሌላ ስሙ ገሊላ፣ አዋሽን ገድቦ ሰው የሠራው ነው። ግድቡ ያለቀው በ1952 ዓ.ም. ነው፣ ጣሊያን ለጦርነቱ በከፈለችው ካሳ። ከዚያ በፊት ያ ቦታ ሜዳ ነበር፤ ከብት የሚሰማራበት፣ ኤሊ የሚሄድበት። ስለዚህ የአንዳንዷ ኤሊ ዕድሜ ከሐይቁ ሊበልጥ ይችላል። አገሯን ውኃ አልብሰን ስናበቃ፣ ውኃው ውስጥ ወርውረናት «አገርሽ ግቢ» እንላታለን። ያም ውኃ ቢሆን ከሞጆ የሚወርደውን የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ሲቀበል የኖረ፣ እምቦጭ የሸፈነው፣ አንዳንዴም አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት የሚመስል ውኃ ነው። የውኃዋን ኤሊ እንኳ እዚያ ስትለቁ ሁለቴ ማሰብ ነው።

ሕጉስ? ሕግ አለ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን ይከለክላል። ኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ንግድን የሚቆጣጠረውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ከተቀላቀለች ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ ብትቆጥሩ አንድ ትውልድ አልፏል። በዚህ ሕግ ዓይን እኔም ጥፋተኛ ነኝ፤ የቡና ጓደኞቼም ናቸው፤ ለእንግዳ ማጫወቻ ብለው ግቢያቸው የሚለቁ ሆቴሎችና ሎጆችም ናቸው። ሁሉም በግልጽ ይታያል፣ ማንም አይጠየቅም።

እኔ ግን ነገ ጠዋት ሁላችንም እንታሰር አልልም። እንዲያ ቢታወጅ የሚሆነውን አውቃለሁ፦ ማታውን ኤሊው ሁሉ በካርቶን ተጭኖ ቆቃ ይወረወራል። የምለው ይህን ነው። በእጃችን ያሉት ይመዝገቡ፣ ያስመዘገበም አይቀጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚያዝ ግን እንደ ማንኛውም ሕገ ወጥ ንግድ ይጠየቅ፤ ሻጩ ልጅ ሳይሆን ገዢው። ለዓመታት ግቢ የኖረች ኤሊም በዘፈቀደ ሜዳ አትለቀቅ። ከሰው ጋር ያገኘችውን በሽታ ለዱሮቹ ልታስተላልፍ ትችላለች፤ ከሌላ አካባቢ የመጣች ከሆነም ቦታው የእሷ አይደለም። ያሳደገ ሰው እስከ መጨረሻው ይያዛት፣ ከእሱ ቀድማ ላትሞት ስለምትችልም ከአሁኑ ወራሿን ያስብ። እኔ ለእህቴ ልጅ ነግሬያለሁ። ቀዳዳውንም አሳይቻታለሁ።

ያን ዕለት ቆቃ፣ ሰውየው ኤሊዋ ያልታወቀች መሆኑን ሲረዳ ፊቱ ተለወጠ። ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ሰበሰበ፣ ውኃው ዳር ዳር እየሄደ ፈለገ። አንድ ዓሣ አስጋሪ በጀልባው ትንሽ ዞረለት። አልተገኘችም። ልጆቹ ዝም አሉ። አሳው ቀዘቀዘ።

መንገድ ላይ ስትሻገር ካገኛችኋት፣ መኪናችሁን ዳር አቁሙ። ብዙ ከፍ ሳታደርጉ፣ በሁለት እጅ፣ በቀስታ አንሷት፤ ስትደነግጥ ለበጋው ያጠራቀመችውን ውኃ ትለቃለችና። ወደ ጀመረችው አቅጣጫ አሻግሯት፣ ሣሩ ላይ አስቀምጧት። ፎቶ ካነሣችሁ አንሡ። ከዚያ ወደ አሳችሁ ሂዱ።