መምህር ሆይ፥ በዓይንዎ ይዩን

የሥነ ልቡና ተማሪዎች የልምምድ ጊዜያችን ሲደርስ ከክፍል ወጥተን ከተጨነቀ ሰው ፊት እንቀመጣለን። ሰዓቱ ሲያልቅ ማስታወሻችንን ይዘን ወደ ተቆጣጣሪ መምህራችን እንሄድና «እንዲህ አለችኝ፤ እኔም እንዲህ አልኋት» እያልን እንተርካለን። መምህራችንም ያላዩትንና ያልሰሙትን ሥራ በእኛ ወሬ ብቻ መዝነው ማርክ ይሰጡናል። ይህ አሠራር ይብቃ እንላለን።

ባለፈው ወሰነ ትምህርት ከመካከላችን አንዱ ስለ አንዲት ታካሚ ያቀረበው ሪፖርት «ዝምተኛ ናት፤ ለመናገር ፈቃደኛ አይደለችም» የሚል ነበር። ቀጥሎ በእርሷ ፈቃድ ድምፅ ተቀድቶ ከመምህሩ ጋር ሲያዳምጠው ግን፥ ሴትዮዋ ስለ ኀዘኗ ሦስት ጊዜ ለመናገር ጀምራ ሦስቱንም ጊዜ በምክር አቋርጧታል። ይህን ያጫወተን ራሱ ነው። ጓደኛችን አልዋሸም፤ አላስተዋለም እንጂ። ሰው ያላስተዋለውን ደግሞ እንዴት አድርጎ ሪፖርት ያደርጋል? ከዚህ ዓይነቱ ስሕተት ነጻ ነኝ የሚል ከእኛ መካከል ካለ እጁን ያውጣ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ካርል ሮጀርስ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር የምክክር ሰዓቶችን በሸክላ ያስቀዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው መጽሐፍም የአንድ ሰው ስምንት የምክክር ሰዓቶች ቃል በቃል ወጥተዋል። ሸክላው ሲደመጥ፥ «ታካሚው ራሱን እንዲመራ ትተነዋል» ብለው ያመኑ ሠልጣኞች እነርሱ ሲመሩትና ሲገፉት ተገኙ። በኋላም በቤተ ሰብ ሕክምና ትምህርት፥ መምህሩ ከአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስተዋት ጀርባ ተቀምጦ እያየ በስልክ ሠልጣኙን ማረም ተለመደ። የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሚሠራበት የዕውቅና ደንብ ደግሞ፥ የዶክትሬት ተማሪዎች የልምምድ ምዘና በከፊል ሥራቸውን በቀጥታ በማየት ላይ መመሥረት አለበት።

ለአገራችንም ቢሆን እንግዳ ነገር አይደለም። የቅኔ ተማሪ ሲቆጥር ይውልና ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ቅኔውን ይነግራል፤ መምህሩም በጆሯቸው ሰምተው ያርሙታል ወይም ይመልሱታል። «ዛሬ ጥሩ ቅኔ ቆጥሬአለሁ» ብሎ ብቻ የሚያልፍ የለም። ለቅኔ ያልተፈቀደው ለሰው ነፍስ እንዴት ተፈቀደ?

«ሦስተኛ ሰው ከገባ ታካሚው ይሸማቀቃል» የሚሉን አሉ። እውነትነት አለው። ስለዚህ ታካሚው አስቀድሞ ይጠየቅ፤ እምቢ ቢልም አገልግሎቱ አይጓደልበት፤ ቅጂውን ማን እንደሚሰማውና መቼ እንደሚጠፋ ይነገረው። ነገር ግን እርስ በርሳችን አንደባበቅ። ብዙውን ጊዜ የምንሸማቀቀው እኛው ነን። ማርክ ፈርተን በታካሚው አናሳብብ።

ፍርሃታችን ግን መሠረት የለውም አንልም። ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ መምህራን አስቀድመው የራሳቸውን ሥራ ያሳዩን፤ ሲሳሳቱም እንይ። ሁለተኛ፥ የመጀመሪያዎቹ ምልከታዎች ለእርማት እንጂ ለማርክ አይሁኑ። ሦስተኛ፥ ተቀምጠው የሚያዩበት ሰዓት እንደ ማስተማሪያ ሰዓት ይቆጠርላቸው፤ ጊዜ ለሌለው መምህር «እዩን» ማለት ከንቱ ነውና።

መታየት ያሳፍራል፤ እናውቃለን። ነገር ግን እኛ ስንሳሳት የምንከፍለው ጥቂት ማርክ ነው። ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ የተቋረጠችው ሴት ግን አራተኛ ላትሞክር ትችል ነበር።