ሲዘንብ የተገዛ ጃንጥላ

አዲስ አበቤ ጃንጥላ የሚገዛው መቼ ነው? መልሱ አጭር ነው፤ ሲዘንብ! ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ሰውን ያታልላል። ከሰዓት በኋላ በእንጦጦ በኩል ይጠቁራል፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አስፋልቱ ወንዝ ይሆናል። በዚህች ቅጽበት ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ልጆች ክንዳቸው ሙሉ ጃንጥላ ታቅፈው ብቅ ይላሉ። ሜክሲኮ በሉት፣ መገናኛ በሉት፣ ስታዲየም በሉት… ያው ነው። ዋጋውም ከጠዋቱ ዋጋ ጋር አይተዋወቅም። ገዢ አይከራከርም፣ አይፈትሽም፣ ከፍቶ እንኳ አያይም። ከፍሎ፣ ዘርግቶ፣ ሮጦ ታክሲ ሰልፍ ውስጥ ይገባል። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ይህን ጃንጥላ ሳያዩ መሆኑ ይገርመናል። ነፋስ አንዴ ከታች ሲገባበት ወደ ላይ ይገለበጥና እንደ ሳህን ዝናብ ማጠራቀም ይጀምራል!

«ወይ ጉድ! ስለ ጃንጥላም ይጻፋል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ይጻፋል። መኪና ያለው ሰው ጃንጥላ የሚያስፈልገው ከበር እስከ መኪና ነው። እኛ ደሞዛችን ወሩ ሳያልቅ የሚያልቅብን ግን ከቤት እስከ ታክሲ፣ ከታክሲ እስከ ሰልፍ፣ ከሰልፍ እስከ ቢሮ በእግራችን ነው። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ፀጉሯ ተጣብቆ፣ የትምህርት ማስረጃዋ ረጥቦ የገባች ልጅ፣ ከጠያቂዎቹ ፊት ከመቀመጧ በፊት ግማሽ ፈተናውን ወድቃለች። ይህቺ ከተማ ደግሞ ዝናብ አትሰስትም። በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ይወርድባታል፤ የዚህ ግማሽ ገደማ የሚመጣው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ነው። ስለዚህ ለእኛ ጃንጥላ ጌጥ አይደለም፣ የሥራ ዕቃ ነው። ለሥራ ዕቃ ደግሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። አንዱ ጃንጥላ 400 ብር ነው እንበል፣ ሌላው 1,000 ብር። (ቁጥሩን የመረጥነው ለማባዛት እንዲመቸን ነው፤ ነገ ገበያ ወጥታችሁ ሌላ ዋጋ ብትሰሙ እንዳትቀየሙን።) የ400 ብሩ አንድ ክረምት ብቻ ካገለገለ በአራት ክረምት 1,600 ብር በልቷል። የ1,000 ብሩ አራቱንም ክረምት ከዘለቀ ለአንድ ክረምት የደረሰው 250 ብር ነው። ማለትም ገንዘብ ያነሰው ሰው ለዝናቡ የበለጠ እየከፈለ ነው። የሚያናድደን ይህ ነው። ግን ቸኩላችሁ «ውዱ ይሻላል» እንዳትሉ፤ በመስታወት ውስጥ ተሰቅሎ በሦስት እጥፍ የሚሸጠው ጃንጥላ አንዳንዴ የመንገዱ ልጅ ከታቀፈው ጋር ወንድማማች ነው። ልዩነቱ አበባ የታተመበት ማቀፊያው ብቻ ይሆናል። ዋጋውን ትቶ ዕቃውን ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ጃንጥላን የሚገድለው ዝናብ ሳይሆን ነፋስ ነው። ነፋሱ የሚሰብረው ደግሞ የጎድን አጥንቶቹን፣ እኛ በተለምዶ ሽቦ የምንላቸውን ነው። የብረት ሽቦ ታሪኩ ረጅም ነው። ሳሙኤል ፎክስ የተባለው እንግሊዛዊ በ1852 እ.ኤ.አ. የብረቱን መሐል እንደ ቦይ ጎድጎድ አድርጎ ሠራው፤ ቀጭንና ቀላል ሆኖም ጠንካራ ሆነ። ጥሩ ብረት ዛሬም ጥሩ ነው። በርካሹ ጃንጥላ ውስጥ ያለው ግን እንደ ቆርቆሮ የሳሳ ነው፤ አንዴ ከታጠፈ የታጠፈበት ቦታ ለዘላለም ደካማ ይሆናል፣ ቀለሙ ከተላጠ ደግሞ ይዝጋል። አሉሚኒየም አይዝግም፣ ቀላልም ነው፤ ነገር ግን ከጎበጠ ጎበጠ ነው። ፋይበርግላስ ግን ይለጠጣል፣ ይጎብጣል፣ ነፋሱ ሲለቀው ተመልሶ ይቃናል። በእኛ አቅም ልንገዛው ከምንችለው ሁሉ የምንመርጠው ይህንን ነው።

ጃንጥላው ሁሉ ፋይበርግላስ እስኪሆን አትጠብቁ፤ ብዙዎቹ ቅይጥ ናቸው። ወደ መሐሉ ብረት፣ ወደ ጫፉ ፋይበርግላስ። ይህ ይበቃል፤ ነፋስ የሚያጎብጠው በዋናነት ጫፉን ነውና። በምን ይለያል? የእጅ ቦርሳችሁ መዝጊያ ማግኔት ካለው ሽቦው ላይ አስጠጉት። ከያዘ ብረት ነው። ካልያዘ ጫፉን በጣት ቀስ አድርጎ ማጎበጥና መልቀቅ ነው፤ ቀጥ ብሎ ከተመለሰ ፋይበርግላስ ነው። ሲነካም እንደ ብረት አይቀዘቅዝም። ሻጩ «ምን እያደረግሽ ነው?» ብሎ ቢያፈጥባችሁ… ያፍጥ! ዕቃውን የሚያውቅ ሻጭ አይቆጣም።

የሽቦው ብዛትስ? አብዛኛው ጃንጥላ 8 ሽቦ አለው፤ 10፣ 16፣ 24 ያለውም አለ። ከቻይና በሚመጣው ጃንጥላ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት አይታችኋት ከሆነ «58.5 ሴ.ሜ × 8ኬ» የሚል ዓይነት ጽሑፍ አለባት። የመጀመሪያው ቁጥር የአንዱ ሽቦ ርዝመት ነው፤ ከ«ኬ» ጋር ያለው የሽቦው ብዛት። ይህችን ማንበብ የቻለ ሰው ከግማሽ በላይ መንገድ ሄዷል። ግን በ«16ኬ» አትደነቁ። አሥራ ስድስት ቀጫጭን ብረት ከስምንት ጥሩ ፋይበርግላስ አይበልጥም፤ ክብደቱ ብቻ ይተርፋችኋል። ርዝመቱን በተመለከተ፣ ለታጣፊው ከ53 እስከ 58 ሴንቲ ሜትር ለአንድ ሰውና ለቦርሳው ይበቃል። ከዚያ ያነሰው ጭንቅላትን አድኖ ትከሻን ያስበላል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ… ታጣፊ ወይስ ረጅም? በኪስ የሚገባውን ታጣፊ ጃንጥላ ለዓለም ያመጣው ሃንስ ሃውፕት የተባለ ጀርመናዊ ነው፣ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ። በጦርነት ቆስሎ በምርኩዝ ይሄድ ነበርና ረጅሙን ጃንጥላ ከምርኩዙ ጋር መያዝ አስቸግሮት ነው ይባላል። ብልሃቱን እናደንቃለን፤ ቦርሳችን ውስጥ ስለሚገባም እንወደዋለን። ነገር ግን እያንዳንዱ እጥፋት አንድ ተጨማሪ መገጣጠሚያ ነው፣ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ደግሞ አንድ ተጨማሪ መሰበሪያ። ባለ ሦስት እጥፉ ከባለ ሁለት እጥፉ፣ ባለ ሁለት እጥፉ ከረጅሙ ቀድሞ ይሞታል። በአንድ ዓይነት ገንዘብ ረጅሙን ብትገዙ ሁልጊዜ የተሻለ ዕቃ ታገኛላችሁ። ቤታቸው ለመንገድ የቀረበ፣ ቢሯቸውም ማስቀመጫ ያለው ሰዎች ረጅሙን ይግዙ ባይ ነን። ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቀው ለሚሄዱ ግን የረጅሙ ሹል ጫፍ የጎረቤት ዓይን አጠገብ ነውና ባለ ሁለት እጥፍ እንመክራለን። ቁልፍ ሲጫኑት ብቻውን የሚከፈት የሚዘጋውንስ? አንድ እጅ ስልክ፣ አንድ እጅ ቦርሳ ለያዘ ይመቻል። ሆኖም ምስጢሩ ያለው በስፕሪንጉ ነው፤ ስፕሪንጉ የደከመ ቀን ጃንጥላው አብሮ ያበቃል። ገንዘባችን ውስን ከሆነ ለቁልፍ ከምንከፍል ለሽቦ እንክፈል።

ጨርቁ ላይ ብዙ አንቆይም። ወደ ብርሃን አንሥታችሁ በውስጡ ተመልከቱ፤ እንደ ወንፊት ነጠብጣብ ብርሃን ካሳለፈ ይቅር። በጣት ሲያሹት እንደ ፌስታል የሚንኮሻኮሸው ሳይሆን ለስለስ ብሎ ጥቅጥቅ ያለው ፖሊስተር ይሻላል። ከዚያ ጨርቁ ከእያንዳንዱ ሽቦ ጫፍ ጋር የተሰፋበትን ቦታ አንድ በአንድ ቁጠሩ። ስምንት ቦታ ነው፣ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ብዙ ጃንጥላ መጀመሪያ የሚፈታው እዚያ ጋ ነው።

ቀለሙ ግን ቀልድ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እናቶቻችን በጥቅምትም በጥርም ጃንጥላ ዘርግተው ሲሄዱ የምንስቅ ሰዎች እዚህ ጋ ዝም እንበል! አሜሪካ ውስጥ በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተራ ጃንጥላዎችን ፀሐይ ላይ ለክተው፣ ሁሉም ቢያንስ 77 በመቶ የሚሆነውን ጨረር እንደሚያግዱ፣ ጥቁሮቹ ደግሞ ቢያንስ 90 በመቶ እንደሚያግዱ አግኝተዋል። ስለዚህ ጠቆር ያለ ጃንጥላ የገዛ ሰው በአንድ ዋጋ ሁለት ዕቃ ገዛ ማለት ነው፤ ለክረምት አንድ፣ ለበጋ አንድ። ያ 1,000 ብር ሲካፈል ለሐምሌና ለነሐሴ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ወንዶች ወዳጆቻችንን አንድ ነገር ብለን እንለፍ። ጃንጥላ መያዝ ወንድነትን ይቀንሳል ያላችሁ ማን ነው? ስሙ እንኳ ከ«ጃንሆይ» ጋር «ጃን»ን ይጋራል። ጥላ የሚዘረጋው ለነገሥታቱ ነበር፤ ዛሬም በጥምቀት ታቦት ሲወጣ ባለ ጥልፉ ጥላ አብሮ ይወጣል። እናንተ ግን ጃኬታችሁን አናታችሁ ላይ ጎትታችሁ ትሮጡና ታክሲ ውስጥ ገብታችሁ ውሃውን እኛ ላይ ታራግፋላችሁ።

መቼ እንግዛ? ፀሐይ ስትሆን። ከመስቀል በኋላ ወይም በየካቲት በመጋቢት ጃንጥላ የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው፤ ሻጩም ለመከራከር ጊዜ አለው። ያኔ «የመጨረሻ ስንት?» ማለት ትርጉም አለው። አምስት ጊዜ ክፈቱት፣ አምስት ጊዜ ዝጉት፣ ዘርግታችሁ ግራና ቀኝ አወዛውዙት። ዘንጉ እጀታው ጋ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ አመስግናችሁ መልሱለት፤ ይሉኝታ ጃንጥላ አይሆንም። ገንዘቡ ጭራሽ ካልሞላ ደግሞ አብረው የሚኖሩ ሁለት ልጆች ለየብቻ ሁለት ደካማ ከሚገዙ አንድ ጠንካራ ረጅም ይግዙና አብረው ይውጡ።

ከገዙ በኋላ ያለው ነገር ትንሽ ነው። እርጥቡን ጠቅልሎ ማሠርና ቦርሳ ውስጥ ማሳደር ሽቦውን ያዝገዋል፣ ጨርቁንም ያሸተዋል። ቤት ሲገባ ዘርግቶ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ነው። ቤት ውስጥ ጃንጥላ መዘርጋት ገድ አይደለም የሚሉ ካሉ በረንዳ ላይ ያድርጉት።

ስለ ጠጋኞቹ ሳንናገር አናልፍም። ከተማችን ውስጥ በመንገድ ዳር ቁጭ ብለው በአንዲት ጉጠትና በክር የተሰበረ ጃንጥላ የሚያነሡ ሰዎች አሉ። አጠገባቸው የተከመረው የሞተ ጃንጥላ ቆሻሻ ሳይሆን መለዋወጫቸው ነው፤ ከአንዱ ሽቦ ነቅለው ለሌላው ይተክላሉ። የተፈታ ጫፍ ይሰፋሉ፣ የወለቀ ማያያዣ ይመልሳሉ። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ እኛ የምናውቃቸው ጋሼ ከነበሩበት በረንዳ ጋር ጠፉብን፤ የት እንደሄዱ የሚነግረን አላገኘንም። ግን ሌሎች አሉ፣ መርካቶ ዞር ዞር ያለ ሰው ያገኛቸዋል። ከመግዛታችሁ በፊት «ይህ ቢሰበር ጠጋኝ ይሠራው ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። ረጅሙንና ባለ ሁለት እጥፉን ይሠሩታል። ባለ ሦስት እጥፉን አውቶማቲክ ስታቀርቡላቸው ግን አብዛኞቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

የቀረን አንድ ነገር ነው፤ መርሳት። ከተሰበረው ጃንጥላ ይልቅ ታክሲ ወንበር ሥር የቀረው ይበልጣል ብለን እንጠረጥራለን። ዝናቡ ሲያባራ ማን ያስታውሰዋል! ጠቆር ያለውን ግዙ ብለናልና ጥቁር ጃንጥላ ደግሞ ሁሉም ይመሳሰላል፤ ካፌ በር ላይ ከተደረደሩት ውስጥ የራሱን ትቶ የሌላ ሰው የሚያነሣ ሞልቷል። እጀታው ላይ ቀይ ወይም ብጫ ክር እሠሩበት፣ ስልክ ቁጥራችሁንም በማይለቅ እስክሪብቶ ከውስጥ በኩል ጻፉበት። የታክሲ ረዳቶች ደግሞ፣ እናንተ ወንድሞቻችን፣ እባካችሁ ደውሉልን።