ጠጅና መሪ

ለገና ላሊበላ የደረሰ ምእመን ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣው በእግሩ ወይም በበቅሎ ነው። በቅሎ ገደል አይታ ትረግጣለች፤ አውቶቡስ ግን ዓይኑ ነጂው ነው። ከወልድያ በጋሸና በኩል የሚያመጣው ጠመዝማዛ ዳገት ደግሞ አረቄ የቀመሰ ዓይንን አይምርም።

ስለዚህ በበዓል ሰሞን ነጂዎች ጋሸና ላይ በትንፋሽ መለኪያ ቢመረመሩ እንወዳለን። «መብታችንስ?» የሚሉ አሉ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። ነገር ግን ያው አንቀጽ ወንጀልን ለመከላከልና የሌላውን ሰው መብት ለመጠበቅ በዝርዝር ሕግ ገደብ ሊደረግ እንደሚችል ይናገራል። ተሳፋሪውም በሕይወት የመድረስ መብት አለው።

እንግዲህ የነጂው መብት የሚጠበቀው ምርመራው በመቅረቱ ሳይሆን በአሠራሩ ነው። የሹሙም መኪና፣ የጭነቱም አይሱዙ እኩል ይቁም። ፖሊሱ በአፍንጫው ሳይሆን በመሣሪያው ይፍረድ፤ ቁጥሩንም ለነጂው ያሳየው። ቅጣት ቢኖር በደረሰኝ ይሁን። ይህ ሲሆን መቆሙን የሚጠላ የጠጣ ሰው ብቻ ይሆናል።

የላስታ ሰው ለእንግዳው ጠጅ መቅዳቱ የቆየ ደግነት ነው። መሪ ለሚጨብጥ እንግዳ ግን ደግነቱ ውኃ ማቅረብ ነው እንላለን።